«አትሂጂ» በለኝ

ከዐቢይ ጾም በፊት ባለችው የመጨረሻ ቅዳሜ፣ የኒው ቤድፎርድ ፖርቱጋሎች ቤታቸው ምሳ አይበሉም። ሽማግሌው፣ ባልቴቱ፣ ሕፃኑ ሁሉ ወደ ደብሩ አዳራሽ ይወርዳል። ሴቶቹ እስከ ክርናቸው ዱቄት ለብሰው ማላሳዳ ይጠብሳሉ፤ ትኩሱን ሊጥ ስኳር ላይ እያንከባለሉ ለመጣው ሁሉ ያድላሉ። ወንዶቹ ደግሞ ከትልልቅ ድስት የጎመንና የቋሊማ ሾርባ ይቀዳሉ። የምክር ቤት አባሏ ዴልፊና ፉርታዶ ከዋሽንግተን ድረስ የመጣችው ለዚሁ ነበር፤ ቢያንስ ለእናቷ የነገረቻቸው እንደዚያ ነው።

«ፕሬዚዳንታችን መጣችልን!» አሉ እትዬ ግራሲንዳ ከመጥበሻው ጀርባ ሆነው፣ አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማ አድርገው። ከዴልፊና እናት ጋር በዓሣ ፋብሪካው አንድ ጠረጴዛ ላይ ዓሣ ሲበልቱ ያረጁ ሴት ናቸው።

«እትዬ፣ ኧረ ገና አልወሰንኩም!»

«ምን ትጠብቂያለሽ? ጥርሴ እስኪያልቅ? ድምፄን ልሰጥሽ የቀረኝ ዕድሜ ይኸው እንደምታይው ነው።»

«ተያት እስቲ» አሉ ሌላዋ አሮጊት። «ገና ልጅ ናት። መጀመሪያ ታግባ።»

«ማንን ታግባ? ዋሽንግተን ያሉት ወንዶች እንደሆኑ ወይ ያገቡ ናቸው ወይ የሞቱ!»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ዴልፊናም ሳቀች። እጇ ግን ኪሷ ውስጥ ስልኩን ጭብጥ አድርጎ እንደያዘ ነበር። ስልኩ ዛሬም ዝም ብሏል።

ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነው። በእነዚህ ወራት ዕድሜዋን ያላወቀ አሜሪካዊ የቀረ አይመስልም። በየቴሌቪዥኑ የተቀመጡ ሰዎች እንደ በግ ገበያ ገዢ ጥርሷን ይቆጥራሉ። አንዱ «ጎበዝ ናት፤ ግን ትብሰል፤ ቀኗ ይመጣል» ይላል። ሌላው «እንዲህ ያለ ጊዜ ሁለቴ አይመጣም፤ ዛሬ ካልሆነ መቼም አይሆንም» ይላል። ነፃ ሕክምና ለሁሉም፣ ለሠራተኛው የሚበቃ ደመወዝ እያለች ምክር ቤቱ ውስጥ ስትሟገት የሚያዩዋት ተራማጅ ወጣቶች ስሟን ሸሚዛቸው ላይ አትመው ይዞራሉ። የራሷ ፓርቲ ሽማግሌዎች ደግሞ በየእራት ግብዣው ጥግ ይዘው «አንቺ እኮ ገና ብዙ ጊዜ አለሽ» ይሏታል። ሁሉም ስለሷ ያወራል። እሷ ድምፁን ልትሰማው የምትፈልገው አንድ ሰው ብቻ ግን ምንም አይልም።

ሲላስ ፔንሃሎ ይባላል። በክፍለ ግዛቱ ምዕራብ፣ ኮረብታዎቹ መሃል ባለችው ሐርሎው በምትባል ትንሽ ከተማ የሕፃናት ሐኪም ነው። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፣ የገጠር ሆስፒታሎች ስለመዘጋታቸው ምክር ቤቱ ምስክር ሲሰማ እሱም ተጠርቶ መጥቶ ነበር። ሌሎቹ ሐኪሞች ወረቀት ዘርግተው ሲያነቡ ዋሉ። እሱ ተነሥቶ «መንገዱ ረጅም ነው፣ ሕፃን ደግሞ አይጠብቅም» ብሎ ተቀመጠ። ዴልፊና ቀና ብላ አየችው። እሱም አያት። ያን ቀን የቀረውን ምስክርነት ማን እንደሰጠ እስከ ዛሬ አታስታውስም።

ክፋቱ የአባቱ ስም ነው። ሴናተር ዎረን ፔንሃሎ! የእናቷ ፋብሪካ ሊዘጋ ሲል አንድ ቃል ያልተነፈሱት ሰው፤ ዴልፊና ገና ልጅ እግር ሳለች ከጓደኞቿ ጋር ቢሮአቸው ወለል ላይ ተቀምጣ «አንነሣም» ያለችባቸው፣ ፖሊስ እጅና እግሯን ይዞ ተሸክሞ ያስወጣት። የዚያ ሰው ልጅ ኩሽና ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት በወንድ ሹራብ ቡና ስትጠጣ የምትውለው እሷ መሆኗን ተከታዮቿ ቢሰሙ ምን ይላሉ? ስለዚህ ደበቁት። ዘመኑ ባይሆንም ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር፤ የሱ ጽሑፍ እንደ ሐኪም ጽሑፍ የማይነበብ፣ እሷ ግን ፊደል በፊደል የምታነበው።

ከሳምንታት በፊት እዚያው ኩሽና ውስጥ «ሲላስ፣ ልወዳደር ነው መሰለኝ» አለችው። እሱ ተነሣ። የታጠበ ስኒ መልሶ አጠበ። ከዚያ ጀርባውን እንደሰጣት «ጥሩ ነው። የሚገባሽ ነው» አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ደብዳቤ የለም። ስትደውል ስለ በረዶው ያወራል።

«ሰኞ ጠዋት» አላት ማልኮም ግሪር ሾርባውን ቆሞ እየጠጣ። የዘመቻዋ መሪ እሱ ነው፤ ተቀምጦ ሲበላ ያየው የለም። «ሰኞ ጠዋት ወይ እንናገራለን ወይ እንተወዋለን። ሰው በተጠንቀቅ ቆሟል ዴልፊና። ከዚህ በላይ ካቆየሽው ይበርዳል፤ የበረደ ሕዝብ ደግሞ ተመልሶ አይሞቅም።»

«ሰኞ እነግርሃለሁ።»

«ምን እንደሚያግድሽ ንገሪኝና ላንሣልሽ።»

«የሚነሣ ነገር አይደለም» አለችው።

እናቷ ማዳሌና ከሩቅ ሲያዩዋት ቆይተው መጡና ከጎኗ ተቀመጡ። እጃቸው የዘመናት ቢላዋና በረዶ ያጠመመው፣ ጣቶቹ ሙሉ በሙሉ የማይዘረጉ እጅ ነው። በዚያ እጅ ሳህኗን ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት።

«በረደ እኮ።»

«እየበላሁ ነው እማዬ።»

«ባለፈው ሻንጣሽ ውስጥ የወንድ ሹራብ አገኘሁ። አጥቤ መለስኩት። ማን እንደሆነ አልጠየቅኩሽም፤ አሁንም አልጠይቅሽም። ግን አንቺ የምርጫ ነገር ሲያስጨንቅሽ እንደ ዓሣ አጥማጅ ነው የምትበይው። ሳትበይ ስትቀሪ ሌላ ነገር ነው።»

ዴልፊና ማንኪያውን አነሣች። ስምዋን እየጠሩ የሚስቁ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቋት ሰዎች ዙሪያዋን ከበዋታል። ያን ያህል ሰው መሃል ተቀምጣ ያን ያህል ብቻዋን የሆነችበት ቀን ትዝ አላላትም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቢሮዋ ሄደች። ከአንድ ፀጉር ቤት በላይ ባለው ፎቅ ላይ ነው። ቅዳሜ ስለሆነ ሰው አልነበረም። ደረጃው ላይ ቀርፋፋ የእግር ኮቴ ሰማች፤ በየመሃሉ ቆም እያለ የሚወጣ። በሩ ተከፈተ። ሰማንያን ያለፉት ሴናተር ዎረን ፔንሃሎ፣ ያለ ጸሐፊ፣ ያለ ጠባቂ፣ በረዶ ትከሻቸው ላይ እንዳለ ቆሙ።

«ወይዘሪት ፉርታዶ፣ ባለፈው ያለ ቀጠሮ ቢሮዬ የመጣሽው አንቺ ነበርሽ። ዛሬ ተራው የኔ ነው።»

ሳትወድ ሳቀች። «እኔ ወለሉ ላይ ነበር የተቀመጥኩት።»

«እሱን ጉልበቴ አይፈቅድልኝም። ወንበር ካለሽ ስጪኝ።»

ሰጠቻቸው። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆዩ። ዓይናቸው የሲላስ ዓይን ነው፤ ያው ግራጫ፣ ያው ሲያይ የማይቸኩል። ያን ዓይን የማትወደው ሰው ፊት ላይ ማግኘቷ አስጨነቃት።

«ልወርድ ነው» አሉ። «ደግሜ አልወዳደርም። በፀደይ እናገራለሁ፤ እስከዚያ ያንቺና የኔ ነው። ወንበሬን አንቺ ውሰጂው። እደግፍሻለሁ። ተቀመጪበት፣ ስምንት ዓመት ሕግ አውጪ፣ ጠላትሽንም ወዳጅሽንም እወቂ። ከዚያ ተወዳደሪ። ያኔ ‹ልጅ ናት› የሚልሽ አይኖርም።»

«እርስዎም እንደዚያ ነበር ያደረጉት?»

«እንደዚያ ነው ያደረግኩት። ተወዳደር ሲሉኝ ቆየሁ። ደግመው ሲሉኝም ቆየሁ። በመጨረሻ ስገባ ሁሉን አውቄ ነበር። የማላውቀው መንደር፣ የማልጠራው የሹም ስም አልነበረም። ለምን ፕሬዚዳንት መሆን እንደምፈልግ ብቻ ጠፍቶብኝ ነበር።» ሳቁ። ሳቃቸው መሃል ላይ ቆመ።



«እንግዲህ» አሉ ቀጠሉና፣ «ስለ ሲላስም…»

«ስለ ሲላስ ምን?»

«ሐርሎው ትንሽ ከተማ ናት ልጄ። ቤንዚን ቀጂው ዕድሜውን ሙሉ ድምፁን ለኔ የሰጠ ሰው ነው። ማን እንደሚቀዳ፣ ስንት ቅዳሜ እንደሚቀዳ ይነግረኛል። ለማንም አላወራሁም።»

«እሱ ነው የላከዎት?»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አዩ። ጠርዙን በጣታቸው ዳበሱት። አንድ «አይደለም» ለማለት ያን ያህል ጊዜ አይፈጅም፤ እሳቸው ግን ቆዩ።

«ልጄ ብዙ አይናገርም» አሉ በመጨረሻ። «ያልተናገረውን ግን እኔ አውቃለሁ።»

በቃት። ተነሥታ በሩን ከፈተችላቸው። «ስለ ወንበሩ አመሰግናለሁ፣ ሴናተር። አስብበታለሁ።»

ደፉ ላይ ቆም አሉ። «እሱን አትቀየሚው።»

ያቺ ቃል ናት የገደለቻት። የእግራቸው ኮቴ ደረጃውን ሳይጨርስ ስልኳን አውጥታ ጻፈች፦ «ሲላስ፣ አባትህን ከምትልክብኝ አንድ ቃል ራስህ ብትናገር ምን ነበር?» ላከችው። መስኮቱ ጋ ቆማ ጠበቀች። ታች መንገዱ ላይ አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን በበረዶው ውስጥ ወደ መኪናቸው ሲሄዱ አየች፤ ልትጠላቸው ፈለገች፤ ግን ጥላቻው ለሌላ ሰው ተሰጥቶ አልቆ ነበር። መልስ አልመጣም። ሰው ለፍቅሩ አማላጅ ይልካል፤ እንዴት ለስንብቱ ይልካል? እያለች አመሸች።

እሑድ ጠዋት ለማልኮምም ለእናቷም ሳትነግር መኪናዋን አስነሥታ ወደ ምዕራብ ነዳች። ባሕሩ ከኋላዋ ቀረ፤ ሜዳው ወደ ኮረብታ ተለወጠ፤ በረዶው እየወፈረ ሄደ። ስትነዳ የምትናገረውን ታዘጋጅ ነበር። ምክር ቤት ፊት ተናግራ የማታውቀው ዓይነት ንግግር፤ የተሳለ፣ መልስ የሌለው። ሐርሎው ስትደርስ አንዱም ቃል አልቀረም።

ሲላስ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ክሊኒኩን ይከፍታል፤ ገበሬዎቹ በሥራ ቀን አይመቻቸውም። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ አንዲት ወጣት እናት ደረቱ ሲር ሲር የሚል ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች። ዴልፊናን አይታ ዓይኗን አፈጠጠች።

«አንቺ… እሷ ነሽ አይደል? የቴሌቪዥኗ?»

«እኔ ነኝ።»

«በማርያም! ምን ታደርጊያለሽ እዚህ? ልትወዳደሪ ነው?»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ሴትየዋ ሕፃኑን ወደ ትከሻዋ አዛወረች። ጀርባውን መታ መታ እያደረገች አሰበች። «እንድትገቢ እፈልጋለሁ። ግን የምትሸነፊ ከሆነ አትግቢብኝ። የሚሸነፍ ሰው ወድጄ ወድጄ ደክሞኛል።»

ከውስጥ በሩ ተከፈተና ሲላስ ብቅ አለ። አንገቱ ላይ ባለው የልብ ማዳመጫ ላይ ለልጆች ማባበያ ያንጠለጠላት ትንሽ የአሻንጉሊት ድብ ትወዛወዛለች። አያት። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ተከፍቶ ወዲያው ተዘጋ። መጀመሪያ ሕፃኑን አስገባ። ደረቱን ሰማው፣ በእንፋሎት የሚሳብ መድኃኒት አስጀመረለት፣ ከነእናቱ ከነርሷ ጋር ወደ ጎን ክፍል አሻገረው። ከዚያ በሩን ለዴልፊና ያዘላት።

ክፍሉ ትንሽ ነው። የሕፃናት ሚዛን፣ ወረቀት የተነጠፈበት አልጋ፣ ግድግዳው ላይ ቀጭኔ። ሲላስ ጀርባውን ሰጥቶ እጁን ሲታጠብ ቆየ፤ የታጠበ እጅ።

«መልእክትሽ ደርሶኛል።»

«እኔን ግን መልስህ አልደረሰኝም።»

«ሽማግሌው ነው የመጣው? አንቺ ጋ?»

«አንተ አልላክኸውም?»

ዞረ። «ዴልፊና፣ እኔ አባቴን ሱቅ እንኳ ልኬው አላውቅም። ከአምናው ፋሲካ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም።»

ያለው የልጆች ወንበር ነበር፤ እሱ ላይ ዘጭ አለች። ጉልበቷ እስከ አገጯ መጣ። እያለቀሰች መሳቋን አላወቀችም። «ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ይኼን ሁሉ ሳምንት!»

«ምን እንድል ፈልገሽ ነበር?»

«ማንኛውንም ነገር! ተቆጣኝ፣ ሳቅብኝ፣ ብርጭቆ ስበር! አንተ ግን ‹የሚገባሽ ነው› አልከኝ። ጡረታ የወጣች ጸሐፊ እንደሚሸኝ ሰው!»

ሲላስ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፤ ወረቀቱ ተንኮሻኮሸ። እጁን እያየ ተናገረ።

«አባቴ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አዮዋ ውስጥ አንድ ሆቴል አድረን፣ ጠዋት ሁለት አውቶቡስ መጣ። በአንደኛው ያሉት እኔ በሌላኛው ውስጥ ያለሁ መሰላቸው፤ በሌላኛው ያሉትም እንደዚያው። እናቴ ሌላ ከተማ ነበረች፣ ለሕዝቡ እጇን እያወዛወዘች። እኔ መግቢያው አዳራሽ ከዓሣ ገንዳው አጠገብ ተቀምጬ ዋልኩ። ደረቴ ላይ የአባቴ ፎቶ ያለበት ባጅ ተሰክቶ ነበር። የምታጸዳ ሴትዮ ብስኩት ሰጠችኝ። ሲመሽ ቴሌቪዥኑ ላይ አባቴ ወጣ፤ ስለ ቤተሰብ ሲናገር። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ሰው እንዳያውቅብኝ።»

«ሲላስ…»

«እናቴ ከዚያ ዘመን በኋላ ፈገግ ስትል ከልቧ ይሁን ለካሜራ ለይቼው አላውቅም። ስትሞትም ፈገግ ብላ ነበር፤ ያኔም አላወቅኩም። ያንቺ ስም ትልቅ ሆኖ የተጻፈበት አውቶቡስ ሳስብ፣ ይኼ ሁሉ ዕድሜዬ ይጠፋና ዘጠኝ ዓመቴ ይሆናል። እዚያ ገንዳ ጋ ተቀምጬ አንቺን እጠብቃለሁ።»

«ይኼንን ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ታዝኚልኛለሽ። አዝነሽ ትቀሪያለሽ። ከዚያ አንድ ቀን ሌላ ሰው አሸንፎ መሐላ ሲፈጽም፣ እኔ ኩሽና ውስጥ ተቀምጠሽ ታይዋለሽ፣ እኔ ደግሞ ያንቺን ፊት አያለሁ። ያን ፊት አልችለውም።»

«ዝም ማለቱን ቻልከው?»

«አፌን ከከፈትኩ የሚወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው።»

«በለው።»

«አልልም።»

ተነሥታ ፊቱ ቆመች። «ስማኝ ሲላስ። ግማሹ አገር ሂጂ ይለኛል፤ ግማሹ ቆዪ ይለኛል። ሁሉም የሚለው ለሒሳቡ ነው፤ ዕድሜዬን ከዓመቱ ይቀንሳል፣ ይደምራል። ሂጂ የሚለኝ ይፈልገኛል እንጂ አይናፍቀኝም። ለራሱ ብሎ፣ እኔን ሊያጣኝ ስለፈራ ብቻ ‹አትሂጂ› ያለኝ ሰው የለም። እናቴ እንኳ አላለችኝም፤ ትኮራብኛለች። አንድ ሰው እንዲለኝ ነው ይኼን ሁሉ መንገድ የነዳሁት። ‹አትሂጂ› በለኝ።»

ከግድግዳው ወዲያ ሕፃኑ ሳለ፤ የእንፋሎቱ ማሽን ያጉረመርማል።

«አትሂጂ» አለ ሲላስ።

ድምፁ የሱ አልነበረም። «አትሂጂ፣ ዴልፊና። እዚህ ሁኚ። ቅዳሜን እየሰረቅሽ አይደለም፤ ሁልጊዜ። ጠዋት ስነሣ ጫማሽ በሩ ሥር ይሁን፣ ልደናቀፍበት። ስለ በረዶው ስለሌላው ማውራት አስጠልቶኛል። አገሩ ሌላ ሰው ያገኛል። እኔ ሌላ ሰው የለኝም።»

አቀፈችው። እንደዚያ ተቃቅፈው አያውቁም፤ እንዳይወድቁ የሚደጋገፉ ይመስሉ ነበር። ዓመታት ሙሉ ደረቷ ውስጥ ቀዝቅዞ የተቀመጠው ነገር ቀለጠ። በልጅነቷ የአባቷ ዓሣ አጥማጅ መርከብ ከባሕር ሳይመለስ ከቀረበት ቀን ጀምሮ፣ በየሆቴሉ ካደረችው ሌሊት፣ እጇን ከጨበጡት ሺህ እጆች ጀምሮ ስትጠብቃት የኖረችው ቃል ይቺ ነበረች። ተባለችላት። ሙሉ ሆነች። እስከ ዛሬ ፈርታ ለራሷ እንኳ ያልተናገረችው ነገር ነበረ፦ ወደ ሕዝቡ የምትሮጠው የሚይዛት ሰው ስለሌለ እንዳይሆን። አሁን ተይዛለች፤ ተወዳለች፤ ቤት አላት።

እንደዚያም ሆኖ፣ ጆሮዋ የሕፃኑን ሳል እየሰማ ነበር። እንደዚያም ሆኖ መሄድ ፈለገች።

ሰውነቷ የተናገረ ይመስል ሲላስ ቀስ ብሎ ለቀቃት። ፊቷን በሁለት እጁ ይዞ አየው።

«ትሄጃለሽ» አለ።

«እሄዳለሁ።»

«እንዲህ ካልኩሽ በኋላ?»

«እንዲህ ስላልከኝ። እስከ ትናንት ብትጠይቀኝ አላውቅም ነበር። ማደሪያ ያጣ ሰው መንገድ ይወጣል፤ የኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። አሁን የምቀርበት ቤት አለኝ፤ ልቤ ግን አሁንም ተነሺ ይለኛል። አባትህ ቆይቶ ቆይቶ ሲገባ ለምን እንደፈለገው ጠፍቶበት ነበር። እሱ ራሱ ነግሮኛል። እኔ ዛሬ ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ስምንት ዓመት ቆይቼም እንደማውቀው ምን ዋስ አለኝ?»

«ጨካኝ ነሽ።»

«ነኝ።»

«መድረክ ላይ አልወጣም። ፎቶ አልነሣም።»

«አልጠየቅኩህም።»

«አውቶቡሱ ውስጥ እግሬን አላስገባም።»

«አልጠየቅኩህም፣ ሲላስ።»

«ቢያንስ ጠብቀኝ በይኛ!» ጮኸ። ማዳመጫው ላይ ያለችው ድብ ተወዛወዘች። «ጠብቀኝ ብትይኝ እጠብቃለሁ! ለምን አትይኝም?»

እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «እኔ ሰው ሁሉ ‹ጠብቂ› ሲለኝ እምቢ ያልኩ ሴት ነኝ። በምን አፌ አንተን ጠብቀኝ እልሃለሁ?»

በሩ ተንኳኳ። ነርሷ «ዶክተር፣ ሌሎችም መጥተዋል» አለች። ሲላስ ፊቱን በእጅጌው ጠረገ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ፣ «መጣሁ» አለ፤ ድምፁ ተመልሶ የሐኪም ድምፅ ሆነ። ሊወጣ ሲል ተመለሰ። ምንም ሳይናገር የኮቷን ቁልፎች ከታች ጀምሮ እስከ አንገቷ አንድ በአንድ ቆለፈላት። ሐኪሙ ብርድ እንዳይመታቸው ሕፃናቱን ሲሸኝ እንደሚያደርገው። ጣቶቹ አንገቷ ጋ ሲደርሱ ቆዩ።

በጓሮ በር ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ መሪውን ይዛ ተቀመጠች። ከዚህ በፊት ብቸኝነት የምታውቀው የሚፈልጋት የሌለባት ጊዜ ነበር። የሚፈልጋትን ትታ የመሄድ ብቸኝነት ሌላ መሆኑን፣ እንደሚያምም፣ ደግሞም በምንም እንደማትለውጠው ያን ጊዜ አወቀች።

ሰኞ ጠዋት በተዘጋው የዓሣ ፋብሪካ ግቢ ሕዝቡ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። የወደቡ ንፋስ የተሰቀለውን ባንዲራ ይደበድባል። ማልኮም ከዚያ እዚህ ይሮጣል፤ እትዬ ግራሲንዳ የጥንት የሥራ ሽርጣቸውን ለብሰው ከፊት ቆመዋል። ማዳሌና ከልጃቸው በስተቀኝ ቆሙ። በስተግራ ማንም አልነበረም። አንዲት የማልኮም ረዳት ክፍተቱ ለካሜራ ጥሩ አይደለም ብላ አንድ ሰው ልታቆም ስትል ዴልፊና «ተይው፤ ክፍት ይሁን» አለቻት።

ተናገረች። ስለ ፋብሪካው፣ ስለ ሕክምናው፣ ስለ ረጅሙ መንገድና ስለማይጠብቀው ሕፃን። «ገና ነሽ ለምትሉኝ፣ ምናልባት እውነታችሁን ይሆናል» አለች። «ላሸንፍ አልችል ይሆናል። ግን የምፈልገውን አውቄ የምቆምበት ቀን ዛሬ ነው፤ ሌላ ቀን ልዋስላችሁ አልችልም።» ግቢው በጩኸት ተናወጠ። ባልቴቶቹ አለቀሱ። ስሟ ከግንብ ወደ ግንብ እየተጋጨ ወደ ባሕሩ ሄደ።

ከመድረክ ወርዳ ሠራተኞቹ ድሮ ልብስ ይለውጡበት ወደነበረው ባዶ ክፍል ገባች። ትንፋሿ ሳይመለስ ስልኩ ጠራ። ስሙን አይታ አነሣችው።

«አየሁሽ» አለ ሲላስ።

«ሥራ የለህም?»

«መጠበቂያው ክፍል ነው ያየሁት። ከሰው ጋር። ሕፃናቱ ካርቱን መልስልን ብለው እያለቀሱብኝ።»

ሳቀች። ሳቁ አልዘልቅ አላት። «እና? እንዴት ነበርኩ?»

ከኮረብታዎቹ እስከ ወደቡ ያለው መንገድ ሁሉ ዝምታው ውስጥ ተዘረጋ።

«ንፋሱ ፀጉርሽን አፍሽ ውስጥ ሲከተው» አለ፣ «እጄ ሳላስበው ላነሣልሽ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደ። ሰው ሁሉ አየኝ።»

ዴልፊና ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። ውጭ «ዴልፊና! ዴልፊና!» ይላሉ። ማልኮም በሩን እየደበደበ «አውቶቡሱ ቆሟል፣ ሰዓቱ ሄደ» ይላል።

«ዴልፊና፣ አለሽ?»

«አለሁ» አለች።

ከዚያ በኋላ የሚባል ነገር አልነበረም። ትንፋሹን ሰማች፤ ትንፋሿን ሰማ። ስልኩን የመዝጋት ጉልበት ግን ሁለቱም አጡ።